የጎደለችው አተር

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሐል ሜዳ የነበረውን የመርጃ መሣሪያ ክፍል ንብረት ለአንዲት ወጣት መምህርት አስረከብሁ። መቀሱን፣ መጋዙን፣ የካርቶን ሰዓቱን አንድ በአንድ ስጠራ እሷ ቅጹ ላይ ምልክት ታደርጋለች። ስንጨርስ ከቦርሳዋ ትንሽ ከረጢት አወጣች። ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ የፕላስቲክ ፍሬዎች ናቸው። ለአራት ዓመት ልጇ ከደብረ ብርሃን የገዛቻቸው ናቸው።

«ቤት ውስጥ ቁጥር ላስለምዳት ብዬ ነው። እርስዎ ዕድሜዎን በዚህ ሥራ ጨርሰዋል፤ ይሆናሉ?» አለችኝ።

ፍሬዎቹን በእጄ ያዝሁ። ስንቱን መምህር ሰብስቤ ያሠለጠንሁበት ጉዳይ ነው።

«ቤት ውስጥ ሌላ ሕፃን አለሽ?» ብቻ አልኋት።

«የስምንት ወር ልጅ አለችኝ።»

«እንግዲያው አይሆኑም» ብዬ ከረጢቱን መለስሁላትና ወጣሁ። ለምን እንደማይሆኑ ልነግራት ይገባኝ ነበር። እዚያ ቆሜ ያልነገርኋትን እነሆ እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ የተመደብሁት ራቤል ነው። ያኔ ገና ልጅ እግር ነበርሁ። በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ጠመኔ መጨበጥ መከራ ነው። ልጆቹ ከበግ ጠጉር የተሸመነ ባናቸውን ተከናንበው ሲቀመጡ ከፊታቸው ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ርእሰ መምህራችን ደግ ሰው ነበሩ፤ ግን ጫጫታ አይወዱም። በመስኮት ብቅ ብለው ክፍሉ ጸጥ ካለ «ጎሽ!» ብለው ያልፋሉ። እኔም ለዚያ «ጎሽ» ስል ልጆቹን በዜማ አስቆጥር ነበር። አንድ ብለው ጀምረው መቶ ድረስ እንደ ዳዊት በቃላቸው ይወጡታል። አንዱን ጠርቼ «ሰባት ጠጠር አምጣ» ያልሁት ቀን ግን እፍኝ ሙሉ ዘግኖ መጣ። ሳቅሁ። በልጁ እንጂ በራሴ መሳቅ እንደነበረብኝ ያን ጊዜ አልገባኝም። ከዐሥር ዓመት በላይ እንዲያ አስተማርሁ፤ ጎበዝ አስተማሪም ተባልሁ።

መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ሞላሌ ተዛወርሁ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሕፃን በእጁ እየነካ ይማር ይል ስለነበር የመርጃ መሣሪያ ክፍል ተቋቁሟል። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ዘርጋው ነበሩ። ጋሽ ዘርጋው እንላቸዋለን። ከሲታ፣ ረጅም፣ በልጅነታቸው ከቤተ ክህነት ትምህርት ዳዊት ደግመው ወደ አስኳላ የገቡ፣ እንጨት ሥራ ደግሞ ከአባታቸው የተማሩ ሰው ናቸው። በኮታቸው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ የጠርሙስ ስባሪ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይገኛል። እንጨት የሚፍቁበት ነው።

ከሞላሌ ወዲያ ወንዝ ማዶ ያሉ መንደሮች ልጆች ዝናብ በመጣ ቁጥር ትምህርት ቤት አይደርሱም። ወንዙ ይሞላል፤ የስድስትና የሰባት ዓመት ልጅ ሊሻገረው አይችልም። ስለዚህ ትንንሾቹን እናቶቻቸው እቤት ቁጥርና ፊደል እንዲያስለምዷቸው፣ እኛም በየአሥራ አምስት ቀኑ ድልድይ ባለበት ዞረን እየሄድን እንድናግዝ ተወሰነ። ጋሽ ዘርጋው እኔን መረጡ። ቤት ለቤት አብሬያቸው የዞርሁባቸው ወራት የሥራ ዘመኔ ምርጥ ጊዜ ነበሩ ብል አላጋነንሁም።

አንድ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ይገርመኝ ነበር። ዱካ ቢቀርብላቸውም አይቀመጡም። ይንበረከኩና ከወለሉ ከፍ ሳይሉ ዙሪያውን ይቃኛሉ። የመደቡን ሥር፣ የምድጃውን ዳር፣ የእንስራውን ቦታ ያያሉ።

«ምን ጠፋዎት?» ስላቸው፣

«ምንም። ቆመሽ የምታዪው ያንቺን ቤት ነው። ልጁ የሚኖርበት ግን ይኼ ነው» አሉኝ።

ቀጥለው እናትየዋን ይጠይቃሉ፤ «ሌላ ማን አለ?» ይላሉ። ስለሚማረው ልጅ አይደለም። የሚድህ፣ የሚጠባ፣ ጥርስ የሚያበቅል ሌላ ሕፃን መኖሩን ማወቅ ነው የሚፈልጉት። መቁጠሪያውን የሚመርጡት ከዚያ በኋላ ነው።

መቁጠሪያቸው የአስታ እንጨት ነው። ቀጥ ቀጥ ያለውን ቆርጠው፣ ልጠው፣ ጥላ ሥር አድርቀው፣ በጋት ልክ ይከረክሙታል። በጠርሙሱ ስባሪ ከፋቁት በኋላ እያንዳንዱን በከንፈራቸው ላይ ያሳልፉታል። ከንፈር ላይ የቆረቆረ ተመልሶ ይፋቃል። ዐሥር ዐሥሩ በበግ ጠጉር ፈትል ይታሰራል፤ አንድ እስር ዐሥር፣ ሁለት እስር ሃያ ነው። ልጁ ከሃያ ላይ ሦስት ሊቀንስ ሲፈልግ አንዱን እስር ራሱ መፍታት አለበት። «መዋስ የሚባለውን ነገር አፌ ሳይሆን ጣቱ ያስተምረዋል» ይሉ ነበር። ቀለም አይቀቡም። ቀለም ካለው ልጁ ቁጥሩን ትቶ ቀይ ቀዩን ይለቅማል። ክብ ነገርም አይወዱም። ተንከባሎ መደብ ሥር ከገባ ዐሥሩ ዘጠኝ ይሆንና ልጁ ዘጠኝን ዐሥር ብሎ ይለምዳል።

«ስንት ነው?» ብለው አይጀምሩም። «አራት ስጪኝ» ይላሉ። የምትማረው ልጅ ስትሰጣቸው ይቀበላሉ እንጂ ትክክል ነሽ፣ ተሳስተሻል አይሏትም። «በይ አሁን ለእናትሽም እንዲሁ ስጫት» ይሏታል። ልጅቷ የእናቷንና የእሳቸውን ጎን ለጎን ስታስተያይ ራሷ ታርማለች።

ከሁሉም ቤት የምንወደው የወይዘሮ የሺን ቤት ነበር። የሺ የገበሬ ሚስት፣ ወጣት ነበረች። ፊደል አልቆጠረችም። ወርቅነሽ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ነበረቻት፤ ወርቄ ነው የምትባለው። እንደ ወርቄ ያለ ልጅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላስተማርሁም። በሦስተኛው ጉብኝታችን ጋሽ ዘርጋው እንጨቶቹን በባርኔጣቸው ሸፍነው ሁለቱን በስውር ወሰዱና ገለጡላት። አልቆጠረችም። አየት አደረገችና፣ «ሁለት ወስደዋል፤ ይመልሱ» አለቻቸው። ጋሽ ዘርጋው ሳቃቸው መጣ።

«ማን አስተማረሽ?»

«እናቴ በጎቹ ሲገቡ እንዲህ ነው የምታያቸው።»

የሺም አፍራ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። መንገድ ላይ ጋሽ ዘርጋው ደጋግመው «ይቺ ልጅ ሩቅ ትሄዳለች። ብቻ ወንዙን እስክትሻገር እንያዛት» ይሉኝ ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ጋሽ ዘርጋው ወንድማቸው ሞተውባቸው መርሐቤቴ ለቅሶ ወረዱ። ሲሄዱ በቅርብ ለተጨመሩት ቤቶች እንጨቱ ገና እንዳልተዘጋጀ፣ እስኪመለሱም እንድጠብቃቸው ነገሩኝ። እሳቸው በሄዱ በሳምንቱ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ጠራኝ። እንግዶች ሥራችንን ሊያዩ ይመጣሉ፤ ሁሉም ቤት መቁጠሪያ እንዲኖረው ይፈልጋል።

«እንጨቱ ጊዜ ይፈልጋል፤ የአንድ ቤቱ ብቻ አንድ ቀን ይፈጃል» አልሁት።

«ሌላ ነገር አይቆጠርም እንዴ?» አለኝ።

ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተቻኮለ ሰው ነበር። የቸኮልሁትስ እኔ ነኝ። ጋሽ ዘርጋው በሌሉበት ብቻዬን ሠርቼ ላሳይ የሚል ነገር ልቤ ውስጥ እንደነበረ ዛሬ አልደብቅም። ደረቅ አተር ገዝቼ ትንንሽ የአቡጀዲ ከረጢት ሰፋሁ። በእያንዳንዱ ሃያ ሃያ ፍሬ ቆጥሬ ከተትሁና ለየቤቱ አደልሁ። እንጨት ላላቸው ቤቶችም ጨመርሁ። የሺ ቤት የገባሁ ቀን ቸኩዬ ስለነበር አልተቀመጥሁም፤ አልተንበረከክሁምም። ከበሩ ላይ ቆሜ ከረጢቱን ለወርቄ ሰጠኋት። የሺ ጀርባ ላይ ገና መራመድ የጀመረችው የወርቄ ታናሽ፣ ትርንጎ፣ ታዝላ ነበር። ትርንጎን አየኋት፤ ጉንጯንም ነካ አድርጌላታለሁ።

እንግዶቹ መጥተው አዩ፤ ከረጢቶቹን አደነቁ። ኃላፊው በስብሰባ ላይ አስጨበጨበልኝ።

በአሥራ አምስት ቀኑ ተመልሼ ስሄድ ትርንጎን ራሷ በጨርቅ ተጠምጥሞ አገኘኋት። ሰውነቷ እንደ እሳት ይፋጃል። ከጨርቁ ሥር መግል ይወርዳል።

«ጆሮዋን ታመመችብኝ፤ ለብ ያለ ቅቤ ጠብ አደረግሁላት። ጠበልም ወስጃታለሁ። አልተሻላትም» አለችኝ የሺ። እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

ወርቄ ከመደቡ ጥግ ከረጢቷን ይዛ ቆማ ነበር። መጥታ ቀሚሴን ጎተተችኝ።

«መምህርት፣ አንድ ጎድሏል።»

«ምኑ?»

«አተሩ። ሃያ ነበር። ዐሥራ ዘጠኝ ነው ያለው። ለእናቴ ነግሬያታለሁ፤ ለአባቴም ነግሬዋለሁ። ፈልጊው አሉኝ። የትም የለም።» ከዚያ የእህቷን ጆሮ በጣቷ ጠቆመች። «እዚያ ነው ያለው።»

የሺ ወደ ልጇ አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ። እኔም መሬት መሬት አየሁ።

ትርንጎን እየተቀባበልን ተሸክመን፣ በዝናብ፣ በድልድዩ በኩል ዞረን ሞላሌ ደረስን። ጤና ጣቢያ ያገኘነው ጤና ረዳት ብዙ ደከመ። አተሩ መግሉን ጠጥቶ አብጦ፣ ተሰንጥቆ፣ ነጭ ቡቃያ አውጥቶ ነበር። ቁርጥራጩን እያወጣ ጥጥ ላይ ሲያስቀምጠው አየሁ። ትርንጎ መጮህ እስኪያቅታት ጮኸች። ሲጨርስ እጁን ታጥቦ፣ «ትኩሳቱ ይወርዳል። በዚህ ጆሮ ግን የምትሰማ አይመስለኝም፤ ታምቡሩ የለም» አለን።

የሺ ልጇን አዘለች፣ ነጠላዋን ጠበቅ አደረገች። እኔ ያን ጊዜ አንዲት ቃል መናገር ነበረብኝ፤ «ጥፋቱ የኔ ነው» ማለት። አንደበቴ ያወጣው ግን ሌላ ነው።

«እግዚአብሔር ያመጣውን ምን ይደረጋል፤ አይዞሽ» አልኋት።

«አሜን» አለችኝ።

በወሩ መጨረሻ ሪፖርት ስሞላ «ያጋጠመ ችግር» የሚል ቦታ አለ። «የለም» ብዬ ጻፍሁበት። የሌሎቹ ቤቶች አተር እዚያው እንደነበረ አውቃለሁ። ተመልሼ ልሰብስብ ብል ለምን ተብዬ መጠየቄ ነው። ዛሬ ነገ ስል ሳምንት አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ።

ጋሽ ዘርጋው ከለቅሶ ሲመለሱ ነገሩን የሰሙት ገበያ ላይ ከየሺ ባል ነው። ጢማቸውን ሳይላጩ፣ ጥቁራቸውን እንደለበሱ ክፍሉ ገቡ። ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅሁ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሌሎቹ ቤቶችስ?»

«ገና አልሰበሰብሁትም።»

«አተሩ ስሕተት ነው። የማይሳሳት የለም፤ እኔም ብዙ ተሳስቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ዝምታ ግን ስሕተት አትበዪው። እሱን አስበሽ ነው የሠራሽው» አሉኝ። ዱላቸውን አንስተው ወጡ።

አብሬያቸው ልሂድ ብል እሺ ይሉኝ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ። አላልሁም። ያን ክረምት ብቻቸውን፣ በጭቃ፣ በእርጅና ጉልበታቸው ቤት ለቤት ዞረው ከረጢቶቹን ሰበሰቡ። በምትኩ እንጨት አደረሱ። በየቤቱም ምን እንደተፈጠረ፣ ለምን አተሩን እንደሚወስዱ ሳይደብቁ ተናገሩ፤ ጥፋቱን ግን «የክፍላችን ጥፋት» አሉት እንጂ የኔን ስም አላነሡም። ይህን የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። አንድ ቤት ብቻ አልገቡም። «የሺን ቤት አንቺ ሂጂ። እሱ ያንቺ ነው» አሉኝ። «እሺ፣ እሄዳለሁ» አልኋቸው።

አልሄድሁም። መጀመሪያ ዝናቡን ምክንያት አደረግሁ፤ ቀጥሎ ፈተናውን፤ ቀጥሎ ጉልበቴን። በዓመቱ መሐል ሜዳ የዝውውር ቦታ ሲገኝ አመለከትሁና ሄድሁ። ስሰናበታቸው ጋሽ ዘርጋው ጉንጬን ስመው መረቁኝ። ስለ የሺ ቤት አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ እዋሻቸው ነበር፤ ያንን ያወቁ ይመስለኛል።

መሐል ሜዳ ላይ ሰው ሆንሁ። ደመወዜም እርከኑም ከፍ አለ። ለትንንሽ ልጆች መቁጠሪያ እንዴት እንደሚመረጥ መምህራንን ሳሠለጥን ኖርሁ። ተንበርክኬ አሳያቸዋለሁ። «ሌላ ማን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ እላለሁ። እንጨቱን በከንፈሬ ላይ አሳልፋለሁ። ሰልጣኞቹ ያጨበጭባሉ። ከማን እንደተማርሁት አንድም ቀን አልተናገርሁም፤ እሳቸውን ካነሣሁ ሞላሌን ላነሣ ነው፤ ሞላሌን ካነሣሁ ወንዙን ልሻገር ነው። ጋሽ ዘርጋው ሲያርፉ ቀብራቸው ላይ ተገኝቻለሁ፤ ከሰው ኋላ ቆሜ።

ንብረቱን ካስረከብሁ በኋላ ባለው ሳምንት በሚኒባስ ሞላሌ ወረድሁ። አሁን ወንዙ ላይ ድልድይ በቅርብ ተሠርቷል፤ እንደ ድሮው መዞር የለም። የሺ ቤቷን በቆርቆሮ ለውጣዋለች። ፀጉሯ ሸብቷል። ከበር ላይ አየችኝና ወዲያው አወቀችኝ።

«መምህርት! ከየት ተገኙ? ይግቡ፣ ይግቡ።»

አልተቀመጥሁም። ከተቀመጥሁ ወኔዬ የሚከዳኝ መሰለኝ።

«የሺ፣ አተሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሕፃን እንዳለሽ እያየሁ ነው የሰጠሁት። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁ» አልኋት።

እጄን ይዛ መደቡ ላይ አስቀመጠችኝ። እሷም አጠገቤ ተቀመጠች።

«ይኼንን መች አጣሁት መምህርት። የዚያን ዕለት ጥጡ ላይ አብረን አይተነው የለም ወይ? ንስሐ አባታችን ያኔውኑ ይቅር በይ ብለውኝ ይቅር ብያለሁ። ትርንጎም ደህና ናት፤ በአንዱ ጆሮዋ ትሰማለች። ደብረ ብርሃን ሥራ ይዛለች፤ ወልዳለች።»

ሸክሙ ከላዬ የወረደ መሰለኝ። እንባዬ መጣ። ግን ገና አልጨረሰችም ነበር።

«የከፋኝ ሌላ ነው» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ወርቄ ትጠብቅዎት ነበር። ቀኑን ቆጥራ ታውቀዋለች። አሥራ አምስተኛው ቀን ሲሆን ፊቷን ታጥባ፣ እንጨቶቿን ደጁ ላይ ደርድራ ትቀመጣለች። ዛሬ ቀርተዋል፣ ግቢ ስላት አትገባም። ስንት ጊዜ እንዲያ አደረገች! እሳቸው ሽማግሌውም ሌላው ቤት ሲገቡ እኛን ያልፉናል። ወርቄም፣ አተሩ ጎደለ ብዬ ስለተናገርሁ ነው የቀሩት፣ ነውር ተናገርሁ መሰለኝ ትለኝ ነበር። ኋላ እንጨቱን ሰብስባ እሳት ውስጥ ጨመረችው። ትምህርት ቤትም በዐሥር ዓመቷ ገባች፤ አራተኛ ክፍል ሳትጨርስ ተወችው። ተይ ብላትም እሺ አላለችኝ።»

ወርቄ አሁን የት እንዳለች ጠየቅኋት። ገበያ እንደምትውል ነገረችኝ።

ወርቅነሽ ሞላሌ አካባቢ ተድራለች። በገበያው ቀን የበግ ጠጉር ፈትል ስትሸጥ አገኘኋት። ረጅም፣ ቁጥብ ሴት ሆናለች። አንድ ሸማኔ ለሦስት ባና ስንት ጥቅል እንደሚበቃው ሲያሰላ በጣቱ ይቆጥራል፤ እሱ ሳይጨርስ እሷ ለይታ አቀረበችለት። እስኪሄድ ጠብቄ ማን እንደሆንሁ ነገርኋት። ተነሥታ፣ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች። ቀና አደረግኋት።

«ጥፋት አልነበረሽም» አልኋት። «ያን ዕለት አተሩ ጎደለ ስትዪ ትክክል ነበርሽ። እህትሽን ያተረፍሽ አንቺ ነሽ። የቀረሁት በራሴ ፍርሃት ነው።»

«እናቴ ነገረችኝ፤ መምጣትዎን» አለች። ሌላ አልጨመረችም። አጠገቧ አምስት ዓመት የሚሆናት ሴት ልጅ ጥቅሎቹን ዐሥር ዐሥር እያደረገች ትቆልል ነበር። የወርቄ ዓይን ነው ያላት።

«ያንቺ ናት?»

«አዎ።»

«አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ጊዜ አለኝ» አልኋት። «በየሳምንቱ እየመጣሁ ላስተምራት? እቤትሽ ድረስ እመጣለሁ። ምንም አልፈልግም።»

ልጇን አየቻት። ከዚያ እኔን አየችኝ። በዓይኗ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ መምህርት። እኔው የማውቀውን አሳያታለሁ» አለች። «ይመጣሉ ብላ በር በሩን ስታይ እንድትውል አልፈልግም።»

እጄን ዘርግቼ ልጅቷን በሩቁ ባረክኋትና ወደ ሚኒባሱ ሄድሁ።